ለ119ኛው ንጥረ ነገር ስም ብናወጣለትስ? ከጣና ዳር የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

መጀመሪያ ባስተማርኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ያረጀ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ተለጥፎ ነበር። ጠርዙ ተበጣጥሷል፤ ቀለሙም ለቋል። 105ኛው ሳጥን ላይ «ሃኒየም» ይላል። የተማሪዎቹ መጽሐፍ ግን «ደብኒየም» ነው የሚለው። መጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አንድ ነገር ሁለት ስም አለው እንዴ?» አለኝ። «መጽሐፉን ያዙ» ብዬ አለፍኩት። ያቺ መልስ ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ለምን ሁለት ስም እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

ዛሬ ባሕር ዳር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳይንስ ክበብ ልጆችን ይዤ ጣና ዳር አንዲት ወርካ ሥር እቀመጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ሰንጠረዡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስታይ ቆየችና እንዲህ አለች፦ «ጀርመን ጀርማኒየም አላት፤ ፈረንሳይ ፍራንሲየም አላት፤ ፖላንድ ፖሎኒየም አላት፤ ጃፓንም ኒሆኒየም አገኘች። ጣና ለምን አይኖረውም?»

እውነቷን ነው። አውሮፓ ዩሮፒየም አላት፣ አሜሪካ አሜሪሲየም አላት። በአፍሪካ ስም የተጠራ ንጥረ ነገር ግን የለም። ያን ቀን «መጽሐፉን ያዙ» አላልኩም። ስሙ እንዴት እንደሚወጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እንሞክረው አልኳቸው። ይህ መመሪያ ከዚያ የመጣ ነው። የሳይንስ ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ወይም ነገሩ የሚያጓጓችሁ ሁሉ ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። 118ቱንም የያዘ ሰንጠረዥ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ እና የላቲን ፊደላት የተጻፉባቸው የካርቶን ቁርጥራጮች። ሁለት ቅዳሜ ይበቃል። ልጆቹን ለሦስት ክፈሏቸው፦ አግኚዎች፣ ዳኞች እና ሕዝብ። የዳኞቹን ቡድን ለጠንቃቆቹ ስጡ፤ ሥራው ከባድ ነው።

ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ። የላቲን ምልክቶቹን ደግሞ አፋችን እንደሚጠራቸው አስቀምጫለሁ። «ቲኤ» ካልኩ ቲ እና ኤ ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ ስም የማውጣት መብት የማን እንደሆነ ለዩ

እኛ ዘንድ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ቤት ውስጥ ግን አባት አንድ ስም ያወጣል፣ አያት በሌላ ትጠራዋለች፣ ክርስትና ሲነሣ ደግሞ ቄሱ የራሳቸውን ይሰጡታል። ልጁ ሦስት ስም ይዞ ያድጋል፤ ማንም አይቸገርም። ንጥረ ነገር ሲሆን ግን ይህ አይሠራም። ቶኪዮ ያለውም ባሕር ዳር ያለውም በአንድ ስም ካልጠሩት አንዱ የጻፈውን ሌላው አይረዳውም።

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ስም የማቅረብ መብት የአግኚዎቹ ነው። የማጽደቅ ሥልጣን ደግሞ አዩፓክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ኅብረት ነው። ኅብረቱ በ1919 የተቋቋመ ነው። ከሁለቱ ውጭ ያለ ሰው ሐሳብ መስጠት ይችላል፤ ስም ማስጸደቅ ግን አይችልም። በ2016 መጀመሪያ ላይ፣ በቅርቡ ላረፈ አንድ እንግሊዛዊ የሮክ ሙዚቀኛ መታሰቢያ እንዲሆን ከአራቱ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች አንዱ በስሙ ይጠራ ተብሎ በኢንተርኔት ፊርማ ተሰበሰበ። ከ150,000 ሰው በላይ ፈረመ። አልሆነም።

ይህን ለልጆቹ መጀመሪያ ላይ ንገሯቸው። የእኔዎቹ «ፊርማ እናሰባስብ፣ ባሕር ዳር ብቻ እንኳ ስንት ሰው አለ!» ብለው ተነሥተው ነበር። የጣና መንገድ በፊርማ አያልፍም። መንገዱ አግኚው ቡድን ውስጥ ከመግባት ይጀምራል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዱ ግን «እና እዚያ ቡድን ውስጥ ለመግባት ምን ይማራል?» ብሎ ጠየቀኝ። የዚያ ቀን ትልቁ ነገር ለእኔ ይህ ጥያቄ ነበር። ኒውክለር ፊዚክስና ኒውክለር ኬሚስትሪ ነው መልሱ።

ደረጃ 2፦ መወለዱን አረጋግጡ

ያልተወለደ ልጅ ክርስትና አይነሣም። እዚህም እንደዚያው ነው። ማስረጃ ሳይጸድቅ የስም ጉዳይ አይነሣም።

እጅግ ከባዶቹ ንጥረ ነገሮች ከመሬት ተቆፍረው አይገኙም፤ ይሠራሉ። የአንዱን አቶም አስኳል በከፍተኛ ፍጥነት አስወንጭፎ ከሌላው አስኳል ጋር ማጋጨት ነው። የንጥረ ነገሩ ቁጥር ማለት በአስኳሉ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት ነው። ሒሳቡን አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ይሥራው። ዚንክ 30 ፕሮቶን አለው፤ ቢዝመዝ 83 አለው። ሲደመሩ 113። ኒሆኒየም የተሠራው በዚህ ነው። ቫናዲየም 23 እና ኪዩሪየም 96 ሲደመሩ 119 ይሆናሉ፤ ጃፓኖቹ አሁን የሚሞክሩት ይህንን ነው። ቲታኒየም 22 እና ካሊፎርኒየም 98 ደግሞ 120። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ያሉት የሚያስቡት ይህን ነው፤ ለመለማመጃም በ2024 በቲታኒየም ጨረር 116ኛውን ሠርተው አሳይተዋል። በ22 ቀን ያገኙት 2 አቶም ብቻ ነው።

ድምሩ ቀላል ነው። ሥራው ግን ትዕግሥት ይፈጃል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ የኒሆኒየምን ታሪክ ተርኩላቸው። ሪከን በሚባለው የጃፓን የምርምር ተቋም የኮሱኬ ሞሪታ ቡድን በ2003 የዚንክ አስኳሎችን በብርሃን ፍጥነት 10 በመቶ ገደማ እያስወነጨፈ ቢዝመዝን ይመታ ጀመር። የመጀመሪያዋ አቶም ሐምሌ 23 ቀን 2004 ታየች። ሁለተኛዋ ሚያዝያ 2 ቀን 2005 መጣች። ከዚያ ዝም አለ። ዓመት አለፈ፤ ሁለትም አለፈ፤ ሰባትም አለፈ። ሦስተኛዋ የተገኘችው ነሐሴ 12 ቀን 2012 ነው። በ9 ዓመት 3 አቶም!

እነዚያ አቶሞች ወዲያው ይፈርሳሉ። ታዲያ ማን አያቸው? የሚታየው የትውልድ ሐረጋቸው ነው። ኒሆኒየም አልፋ ቅንጣት (ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን) እየተፋ ወደ ቀለለ አስኳል ይለወጣል፤ ያም ወደ ሌላ፤ ያም ወደ ሌላ። ሦስተኛዋ አቶም ስድስት ጊዜ ተከታትላ አልፋ ተፍታ በደንብ የሚታወቁ አስኳሎች ላይ ደረሰች፤ ደብኒየም፣ ሎረንሲየም፣ ሜንደሌቪየም። የልጅ ልጆቹን ካወቅን አያቱን መለየት እንችላለን። ዘር ሲቆጠር እስከ ሰባት ቤት እየተባለ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የእኔ ልጆች ከሁሉ ቶሎ የገባቸው ይህ ነው።

ዳኞቹ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ አስኳሉ ቢያንስ ከ100 ትሪሊዮን አንድ ሰከንድ ያህል ቆይቷል ወይ? ይህ አስኳሉ ኤሌክትሮኖቹን ለመልበስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ንጥረ ነገር አይባልም። ሁለተኛ፣ የፕሮቶኑ ቁጥር ያለ ጥርጥር ታውቋል ወይ? በእውነቱ ዓለም ይህን የሚመረምረው የኬሚስትሪና የፊዚክስ ኅብረቶች አብረው የሚያቋቁሙት የባለሙያዎች ቡድን ነው። ጥብቅነቱም በምክንያት ነው። በ1999 አንድ የአሜሪካ ቤተ ሙከራ 118ኛውን አገኘሁ ብሎ አስታወቀ። ሌሎች ሞከሩት፤ አልተገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተ ሙከራው ራሱ ማስታወቂያውን ሳበ። መረጃው የተፈበረከ ሆኖ ነው የተገኘው።

ደረጃ 3፦ እስከዚያው ማሙሽ በሉት

ልጅ ተወልዶ ስም እስኪወጣለት ማሙሽ ወይም ሚጣ ይባላል። ንጥረ ነገርም እንደዚሁ የመቆያ ስም አለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አዩፓክ ያወጣው ደንብ ነው፤ ሰው ሳያስብበት ከቁጥሩ በቀጥታ ይወጣል።

ለእያንዳንዱ አኃዝ አንድ ቃል አለው። 0 ኒል፣ 1 ኡን፣ 2 ቢ፣ 3 ትሪ፣ 4 ኳድ፣ 5 ፔንት፣ 6 ሄክስ፣ 7 ሴፕት፣ 8 ኦክት፣ 9 ኤን። ቁጥሩን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ፤ ቃሎቹን ግጠሙ፤ መጨረሻ ላይ «ኢየም» ጨምሩ። 119 ማለት ኡን፣ ኡን፣ ኤን ነው። ኡንኡንኤኒየም ይሆናል። 120 ኡንቢኒሊየም ነው። ምልክቱ ከሦስቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ይሠራል፤ የ119 ዩ-ዩ-ኢ፣ የ120 ዩ-ቢ-ኤን።

ሁለት ትንንሽ ጥንቃቄዎች አሉ። ቢ ወይም ትሪ መጨረሻ ላይ ከመጡ የ«ኢ» ድምፅ አይደገምም፤ 122 ኡንቢቢየም ነው። ኤን በላቲን በሁለት «ን» ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ ኒል ከተከተለው ከሦስቱ «ን» አንዱ ይወድቃል። ልጆቹ 121ን፣ 126ን እና 190ን ይሥሩ። መልሱ ኡንቢኡኒየም፣ ኡንቢሄክሲየም፣ ኡንኤኒሊየም ነው።

ሰንጠረዛችሁ ላይ ከ118 በኋላ አዲስ መደዳ አስምሩና 119ን በእርሳስ ጻፉ። በእስክሪብቶ አይሁን።

ደረጃ 4፦ ስሙ በየትኛው በር እንደሚገባ ምረጡ

አሁን ያለው የአዩፓክ ደንብ አምስት በር ይከፍታል። አፈ ታሪክ (እንደ ፕላኔት ያሉ የሰማይ አካላትንም ይጨምራል)፣ ማዕድን፣ ቦታ፣ የንጥረ ነገሩ ጠባይ፣ እና ሳይንቲስት። ከእነዚህ ውጭ ያለ ስም አይገባም።

ሐሳብ ማፍሰሻ 20 ደቂቃ ስጧቸው። የእኔ ልጆች መጀመሪያ የጻፉት አበበ ቢቂላን ነው። ቀጥሎ አፄ ቴዎድሮስን። ሁለቱም ትልቅ ስሞች ናቸው፤ ግን በአምስቱም በር አይገቡም። ሯጭና ንጉሥ ሳይንቲስት አይደሉም። አንዲት ልጅ አርዌን አነሣች፤ በተረታችን የነገሠውን ዘንዶ። ይህ በአፈ ታሪኩ በር ይገባል። ቶሪየምም የገባው በዚያው በር ነው፤ ቶር የሰሜን አውሮፓ የነጎድጓድ አምላክ ነው።

የጠባይ በር የድሮ ሰዎች በር ነው። ብሮሚን በግሪክኛ ግማት ማለት ነው፤ አርጎን ሰነፍ፤ አዮዲን ሐምራዊ። ዛሬ ሦስት አቶም ብቻ የታየለትን ነገር ሽታና ቀለም ማን ያውቃል? ስለዚህ አሁን በዚህ በር የሚገባ ብዙም የለም።

በሳይንቲስት በር የገቡት ብዙ ናቸው። በሕይወት እያለ ንጥረ ነገር በስሙ የተጠራለት የመጀመሪያው ሰው ግሌን ሲቦርግ ነው። በ1994 «በሕይወት ያለ ሰው አይሆንም» ተብሎ ተከልክሎ ነበር። በ1997 ተፈቀደ፤ 106ኛው ሲቦርጊየም ሆነ። ሁለተኛው ዩሪ ኦጋኔሲያን ነው፤ 118ኛው ኦጋኔሶን በእሱ ስም ነው የሚጠራው።

እኛን የሚመለከተን ግን የቦታ በር ነው። ልጆቹ «ቦታው ትልቅ መሆን አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። የለበትም። ስዊድን ውስጥ ኢተርቢ የምትባል መንደር አለች። ከአንድ የድንጋይ ካባዋ በወጡ ማዕድናት ምክንያት አራት ንጥረ ነገሮች በስሟ ተጠርተዋል፤ ኢትሪየም፣ ተርቢየም፣ ኤርቢየም እና ኢተርቢየም። ስትሮንቲየምም ስትሮንቲያን ከምትባል የስኮትላንድ መንደር የመጣ ነው። «ንጥረ ነገሩ እዚያው ቦታ መገኘት አለበት?» አሉኝ ደግሞ። ማሪ ኩሪ ፖሎኒየምን በ1898 ያገኘችው ፓሪስ ውስጥ ነው። የትውልድ አገሯ ፖላንድ ያኔ በካርታ ላይ እንደ ነፃ አገር አልነበረችም። ተከፋፍላ ተይዛ ነበር። ማሪ የአገሯን ስም ሰንጠረዡ ላይ አስቀመጠችው። ይህን ስነግራቸው ወርካው ሥር ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ደረጃ 5፦ መጨረሻውን አስተካክሉ

ይህ አጭር ነው። ንጥረ ነገሩ ከምድብ (ከሰንጠረዡ ቋሚ ዓምድ) 1 እስከ 16 ከሆነ ስሙ በ«ኢየም» ያልቃል። ምድብ 17 ከሆነ በ«ኢን»፣ እንደ ክሎሪን፤ ለዚህ ነው 117ኛው ቴነሲን የተባለው። ምድብ 18 ከሆነ በ«ኦን»፣ እንደ ኒዮን፤ ኦጋኔሶንም ከዚያ ነው። 119 ከፍራንሲየም ሥር ምድብ 1 ላይ ይቀመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ «ኢየም»።

ደረጃ 6፦ ምልክቱን ፈትኑ

ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ስሙን ወዶ ምልክቱን ይረሳል። የአዲስ ንጥረ ነገር ምልክት ሁለት ፊደል ነው። የመጀመሪያው የስሙ መነሻ ፊደል ነው፤ ሁለተኛው ከስሙ ውስጥ ይመረጣል። አሁን ካሉት ጋር መጋጨት የለበትም። ቀድሞ ለሌላ ነገር ያገለገለ ምልክትም ግራ ያጋባል ተብሎ ይተዋል።

ካርቶኖቹን የምትፈልጓቸው ለዚህ ነው። እኛ ሣሩ ላይ ዘረጋናቸው። ስሙ ጣኒየም ይሁን ተባለ። ጣ በላቲን ፊደል ጣ ሆና አትጻፍም፤ ቲ ነው የምትሆነው። ቲ፣ ኤ፣ ኤን፣ አይ፣ ዩ፣ ኤም። ስድስት ካርቶን። ቲን አስቀድመን አምስቱን ተራ በተራ እያስጠጋን ሞከርን።

ቲኤ? ታንታለም ይዞታል። ቲአይ? ቲታኒየም። ቲኤም? ቱሊየም። ሁለት ቀሩ። ልጆቹ ቲኤን ላይ ጮኹ፤ ሰንጠረዡ ላይ የለማ! ግን ቲኤን ድሮ ቶሮን ለሚባለው የራዶን ዓይነት ምልክት ነበር። ቲዩ? እሱም በጥንት ሰንጠረዦች የቱሊየም ምልክት ነበር። አምስቱም ወደቁ።

አንዱ ልጅ ተስፋ አልቆረጠም። «በድሮ የፈረንጅ ካርታ ጣና ፃና ተብሎ ይጻፍ የለ?» አለ። ልክ ነው፤ በቲ እና ኤስ ይጽፉት ነበር። ቲኤስ! ሰንጠረዡን አየን። ቲኤስ 117ኛው ቴነሲን ነው። ካርቶኑን በቀስታ መለሰው።

ታንታለም ነው ከሁሉ የከነከነኝ። ታንታለስ በግሪኮች ተረት ውኃ ውስጥ እስከ አገጩ ቆሞ መጠጣት ያልቻለ ሰው ነው። ብረቱን ኤኬበርግ የተባለ ስዊድናዊ በ1802 በእሱ ስም የጠራው አሲድ ውስጥ ተነክሮ አሲዱን ስለማይቀበል ነው። እኛም ጣና ዳር ተቀምጠን ጣናን ማስገባት አቃተን።

ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። የጀርመን ተመራማሪዎች በ2009 ለ112ኛው ኮፐርኒሲየም የሚል ስም ሲያቀርቡ ምልክቱን ሲፒ ብለው ነበር። ሲፒ ግን ድሮ ካሲዮፒየም ለሚባል ነገር ያገለግል ነበር፤ ዛሬ ሉቴሺየም ለምንለው። ስለዚህ ምልክቱ ሲኤን ሆነ፤ ስሙም የካቲት 19 ቀን 2010 ጸደቀ። ኮፐርኒከስ የተወለደበት ቀን ነው። ካሲዮፒየም የሚለው ስም የመጣው ካሲዮፒያ ከሚባለው የከዋክብት ስብስብ ነው። ካሲዮፒያ ደግሞ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ሚስት ናት! ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ይህን ስም ለአሥርት ዓመታት ተጠቅመውበታል። ኋላ የፓሪስ የጥንት ስም፣ ሉቴሺያ፣ አሸነፈው። በግሪኮች ተረት በኩል ነው እንጂ፣ የኢትዮጵያ ስም ያለበት ታሪክ ሰንጠረዡን አንድ ጊዜ ነክቶት አልፏል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እንደገና ካርቶኖቹን አነሡ።

ዓባይን ሞከሩ። ኤቢ ይሆናል ሲሉ፣ ኤቢ በ1930ዎቹ አላባሚን ለሚባል ያልጸና ግኝት ተሰጥቶ እንደነበር ዳኞቹ አገኙ። ከዚያ ያቺው የ11ኛ ክፍል ልጅ ቀና ብላ ውኃውን አየች። በዚያ በኩል ዘጌ ይታያል። «ዘጌስ?» አለች። ዜድ፣ ኢ፣ ጂ። ከ118ቱ በዜድ የሚጀምሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዚንክ እና ዚርኮኒየም። ዜድጂ ሰንጠረዡ ላይ የለም። ዳኞቹ የድሮ ስሞችንም ፈለጉ፤ አጡ። ዘጊየም አለፈ።

ምክሬ ይህ ነው። ስም ከመውደዳችሁ በፊት ምልክቱን ፈትኑ። እኛ ሁለት ሰዓት ያጠፋነው ቅደም ተከተሉን ስለገለበጥነው ነው።

ደረጃ 7፦ የሞቱ ስሞችን አትቀስቅሱ

አንድ ስም ለአንድ ንጥረ ነገር ሲጠራበት ቆይቶ ካልጸደቀ፣ ለሌላ ንጥረ ነገር ተመልሶ አይሰጥም። የዚያ ያረጀ ሰንጠረዥ ምሥጢር እዚህ ነው። በ1960ዎቹ ሶቪየቶችና አሜሪካኖች 104ኛውንና 105ኛውን «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ይባባሉ ጀመር። 105ኛውን አሜሪካኖቹ ሃኒየም አሉት፤ ሶቪየቶቹ ኒልስቦሪየም አሉት። የየአገሩ መጽሐፍ የየራሱን ያትማል። በ1997 ነው የታረቁት። 105ኛው የሩሲያዋን ዱብና ከተማ ይዞ ደብኒየም ሆነ። ሃኒየም ቀረ። ሰንጠረዡ የታተመው ከእርቁ በፊት ነበር ማለት ነው። መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ልጅ ልመልስለት ይገባኝ የነበረው ይህንን ነው።

ጃፓኖቹም በዚህ ደንብ ተይዘዋል። በ1908 ማሳታካ ኦጋዋ 43ኛውን አገኘሁ ብሎ ኒፖኒየም ብሎት ነበር። ቦታው ስህተት ነበር፤ በእጁ የነበረው 75ኛው እንደሆነ በኋላ ታወቀ። ስሙ ተሰረዘ። ኤንፒ የሚለውንም ምልክት ኔፕቱኒየም ወሰደው። ከመቶ ዓመት በኋላ 113ኛው ሲመጣ የአገራቸውን ስም በሌላኛው አጠራር፣ ኒሆን ብለው አስገቡት።

ደረጃ 8፦ ማመልከቻውን ጻፉ

አጭር ይሁን። ስም፣ ምልክት፣ በየትኛው በር እንደገባ፣ ምክንያቱ። ልጆቹ የጻፉት ይህን ይመስላል፦

«ለ119ኛው ንጥረ ነገር ዘጊየም የሚለውን ስምና ዜድጂ የሚለውን ምልክት እናቀርባለን። ስሙ የቦታ ስም ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር ማዶ ወደ ጣና ሐይቅ የገባ መሬት ነው። በቡና ጫካውና እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ ገዳማቱ ይታወቃል። ስሙ በ«ኢየም» ያልቃል። ምልክቱን ከዚህ በፊት ለንጥረ ነገር የተጠቀመበት አላገኘንም።»

ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ስሙ በሌሎች ቋንቋዎችም መጻፍና መጠራት መቻል አለበት። ቻይናዎች ለእያንዳንዱ አዲስ ንጥረ ነገር አዲስ ፊደል ይቀርጻሉ፤ ብረት ነክ ከሆነ የብረት ምልክት ያለበት። እኛ በፊደላችን እንጽፈዋለን፤ አንድ ጊዜ «ዘጊየም» ካልን ሌላ ጊዜ «ዜግየም» እንዳንል መስማማት ብቻ ነው። ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ እርሳስ፣ ድኝ፣ ባዜቃ የራሳችን ስሞች ናቸው። ለሌሎቹ አጻጻፋችን ገና ወጥ አይደለም። በክበባችሁ አንድ ዝርዝር አውጡና በእሱ ጽኑ።

ደረጃ 9፦ አምስት ወር ጠብቁ

የአዩፓክ የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ክፍል ስሙን አይቶ ከተቀበለው ለሕዝብ ይፋ ያደርገዋል። ለአምስት ወር ማንም ሰው አስተያየት መላክ ይችላል፤ እናንተም ጭምር። ያ ፈራሚ ሕዝብ ድምፁ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። ኒሆኒየም፣ ሞስኮቪየም፣ ቴነሲን እና ኦጋኔሶን ይፋ የሆኑት ሰኔ 8 ቀን 2016 ነው፤ አስተያየት የተዘጋው ኅዳር 8። በእኛ ከሰኔ 1 ቀን 2008 እስከ ጥቅምት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ማለት ነው። ኅዳር 28 ቀን 2016 ጸደቁ።

እናንተ አምስቱን ወር ወደ አንድ ሳምንት አሳጥሩት። ማመልከቻውን ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ «ሕዝብ» የተባለው ቡድን ትምህርት ቤቱን እየዞረ አስተያየት ይሰብስብ። ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ ከመጣ ዳኞቹ መልስ ይጻፉለት። ለእኛ አንድ ጥሩ ተቃውሞ መጣ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ዜድጂን ከዜድኤን ማን ይለየዋል? እጅ ጽሑፍ ላይ ይመሳሰላሉ» ብላ ጻፈች። ዳኞቹ ሠላሳ ልጅ በእጁ እንዲጽፈው አደረጉና አንድ በአንድ አዩት። ተለየ፤ አለፈ።

የክበባችን ሰንጠረዥ ላይ አሁን 119ኛው ሳጥን ውስጥ ኡንኡንኤኒየም ተጽፏል፤ በእርሳስ። ዘጊየምን እዚያ አልጻፍነውም፤ አቶሙ ገና አልተገኘም። ማመልከቻው ከሰንጠረዡ ጀርባ በክሊፕ ተይዟል። ልጆቹ የሚቀጥለው ቅዳሜ 120ን ይጀምራሉ፤ ካርቶኖቹንም የ11ኛ ክፍሏ ልጅ ይዛቸው ሄዳለች።